የአማቴ ግንብና የእድሩ ጡሩምባ

ፈሪ ነኝ። አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት ነው። ሰፈራችን አዲስ አበባ፣ ከወሰን ወደ ላይ ነው፣ የእንጦጦ ተራራ እግሩን የዘረጋበት ቁልቁለት ላይ። መጥታችሁ "ያ ፈሪው ሰውዬ ቤቱ የት ነው?" ብትሉ ባለሱቁ እየሳቀ ያሳያችኋል። ነጎድጓድ እፈራለሁ። የጋዝ ሲሊንደር እፈራለሁ። ሚኒባስ ቁልቁለቱን ሲወርድ ከሾፌሩ ቀድሜ ፍሬን የምረግጠው እኔ ነኝ፤ መገናኛ እስክደርስ ቀኝ እግሬ ዝሎ ያልቃል። "ፈሪ ለናቱ" ይባላል። የኔ እናት ካረፈች ቆየች። ስለዚህ ፈሪነቴ ባለቤት እንደሌለው ንብረት ዝም ብሎ ሲንከራተት ኖረ።

ከቤታችን ጀርባ ግንብ አለ። ማለቴ ነበረ። ተራራው ጓዳችን ድረስ እንዳይገባ የያዘልን የድንጋይ ግንብ ነው። ያቆሙት የባለቤቴ የጽጌ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና ጋሽ በቀለ ናቸው፤ ግንበኛ ነበሩ፣ ቤቱንም ግንቡንም በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። ዛሬ ቤቱ የአማቴ የእትዬ ዘነበች ነው። እኔ ጽጌን አግብቼ የገባሁ ሰው ነኝ። እንግዲህ አስቡት፣ ስለዚያ ግንብ ክፉ መናገር ማለት በሰው ቤት ተቀምጦ የሰውን ሙት መውቀስ ነው።

ግንቡ ግን ሆዱ ተነፍቷል።

መጀመሪያ ያየሁት ሐምሌ ላይ ነው። ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ቀና ስል ግንቡ ወደኔ ዘንበል ብሎ የሚያየኝ መሰለኝ። ልብሱን ጭቃ ላይ ጥዬው ገባሁ። በማግስቱ ከሰፈር ግንበኛ ቱንቢ ተዋስኩ፤ ያው ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት የግንበኞች ክር ነው፣ ነገር መዝመም አለመዝመሙን የሚናገር። ከግንቡ ጫፍ ላይ አንጠልጥዬ ሳየው ክሩ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ግንቡ ግን አብሮት አልወረደም። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ፊቴን ሳልታጠብ ግንብ የምለካ ሰው ሆንኩ። ጽጌ "ሥራህን ትተህ የግንብ ሐኪም ሆንክ" ትለኛለች።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግንቡ ብቻ አልነበረም። ከግንቡ ሥር ያለችው ክፍል የእትዬ ዘነበች ናት። አልጋቸው ከጀርባው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ዳገቱን ወጥተው ደብሩ ድረስ መሄድ አይችሉም፣ ግን የክፍሏ መስኮት ወደ ተራራው ስለሆነ የቅዳሴው ድምፅ በዚያ ይገባል። በፍልሰታ ጾም ደግሞ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ነው፤ እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከመስኮቱ ጋር ያስቀድሳሉ። ከዚያ ሰዓት ንቅንቅ የለም።

ለመንኳቸው።

"እትዬ፣ አልጋዎን ወደ ፊተኛው ክፍል እናምጣው።"

"ለምን?"

"ግንቡ..."

"ግንቡን ያቆመው በቀለ ነው።"

"አውቃለሁ፤ ግን ሆዱ ተነፍቷል።"

"ያንተስ ሆድ ተነፍቶ የለ? ወድቀህብን ታውቃለህ?"

ሆዴን ሰብስቤ ወጣሁ። ደግሞ ከኋላዬ "በቀለ የሠራው ግንብ እኔን አይገድለኝም፣ አንተ ፈሪ" ሲሉ ሰማኋቸው። ጉልበታቸው አሟቸው ሲነሱ እንኳን ክንዴን አይቀበሉም፤ እጄን ስዘረጋ ምርኩዛቸውን ያሳዩኛል። ጽጌም ለመነች፣ አለቀሰች፣ አኮረፈች። የእናቷ መልስ አንድ ነው፤ አልጋው ተነሳ ማለት በቀለ ሥራ አያውቅም ነበር ማለት ነው።

ቢቸግረኝ ወረዳ ሄድኩ። ከዚያ የአደጋ መከላከል ባለሙያ መጣች፤ ትሁት፣ ቦት ጫማዋ ጭቃ የጠገበ ወጣት። ግንቡን አየችው፣ ዳሰሰችው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ፈርሶ እንደገና መሠራት አለበት፣ እስከዚያው ያቺ ክፍል ሰው አይደርባት አለች። እትዬ ይህን ቁጭ ብለው ሰምተው "ልጄ፣ ነይ ግቢ፣ ቤት ያፈራውን ብዪ" አሏት። በልታ ሄደች፤ አልጋው ግን አልተነሳም።

ቆይታ ደግሞ ሰፈሩን ስለ አደጋ ዝግጅት ልታስተምረን በእድራችን ቤት ስብሰባ ጠራች። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን" አለች፣ ልክ ናት። የመጣነው ግን በጣት የምንቆጠር ነን። ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። በኛ አገር ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሰብሳቢ ይሆናል፤ እጄን ሳላወርድ የሰፈሩ የአደጋ ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ተመረጥኩ። ተጨበጨበ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨቡት ከኮሚቴው ያመለጡት ናቸው።

አንደኛው ትምህርት በየቤቱ የአደጋ ጊዜ ቦርሳ ይዘጋጅ የሚል ነበር። አዘጋጀሁ። ግን እናንተው ፍረዱ፣ በኛ ሰፈር ለአደጋ የተቀመጠ ነገር ይቀመጣል? ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ለአደጋ ያልኩት ጀሪካን ፈረቃው በተዛባ ቁጥር ድስት ይታጠብበታል። የእጅ ባትሪውን ድንጋዮች ጽጌ ለቴሌቪዥኑ ሪሞት ወሰደቻቸው። ተናደድኩና ቦርሳውን ማንም የማይነካው ቦታ ደበቅሁት፣ እትዬ ዘነበች አልጋ ሥር። በዚያ ቤት ከሳቸው አልጋ ሥር እጁን የሚያስገባ ሰው የለም። እሳቸው ግን አሉ፤ ጾም ነውና ቦርሳው ውስጥ የከተትኩትን በሶ እየበጠበጡ ጨረሱት። በመጨረሻ ከቦርሳው ያልተነካው ፊሽካው ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ልምምድ ነው። ምልክት ሲሰማ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ምልክቱ ምን ይሁን? ሳይረን የለንም። የደብሩን ደወል ማን ደፍሮ ይነካል? ስልክ ተባለ፤ ዝናብ ሲመጣ ኔትወርኩ ከሰው ቀድሞ ይሸሻል። በዚህ ጊዜ ነው እኔ፣ ያ ብልኁ፣ የተነሳሁት።

"ጡሩምባ አለን አይደል?" አልኩ።

ሌላው እድር ሁሉ መርዶውን በቴሌግራም ሲልክ የኛ እድር አሁንም የሚለፍፈው በጡሩምባ ነው። ነፊያችን ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ ሰው ሲሞት በየመንገዱ ማጠፊያ ቆመው እየነፉ "ወደ እገሌ ቤት" ይላሉ፣ ሰፈሩም ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ጋሽ ደምሴ ጡሩምባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያዳምጡ ነበር።

"ልጄ፣ ይቺ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው" አሉ።

"እናስተምራታለን ጋሼ" አልኳቸው።

አሁን ሳስበው ድንቁርናዬ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ነው፣ እንደ ጋሽ በቀለ ግንብ። መሰብሰቢያው የቱ ሜዳ ይሁን ሲባል ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው አልኩ፣ ሰፊ ነውና። ሜዳው ስም የለውም፤ ሰው ሁሉ የሚጠራው "የእትዬ ዘነበች ደጅ" እያለ ነው። ከዚያ ቢዘንብስ? ብዬ ፈራሁና የእድሩ ድንኳን ይተከል አልኩ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ ይሆናል። ድንኳኑ ተተከለ፣ ጡሩምባው ተዘጋጀ፣ የአማቴ ስም ይጠራል ተባለ። አንድ የጎደለ ነገር ቢኖር ንፍሮ ነው። ለስብሰባ የማይመጣ ሰው ለለቅሶ እንደሚመጣ አንዳችንም አላሰብንም።

የልምምዱ ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ቱንቢዬን ይዤ ስወጣ ግንቡ በስንጥቆቹ መካከል ጭቃ ውሃ ያነባል። መለካት እንኳን ፈራሁ። ሮጬ እትዬ ክፍል ገባሁና ዛሬ እንኳን፣ ለልምምዱ ብቻ፣ ከኔ ጋር ይውጡ ብዬ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

"ልምምዱ በስንት ሰዓት ነው?" አሉ።

"ከቀትር በኋላ።"

"ቅዳሴ ነው እሱ። እኔ ቅዳሴ አቋርጬ ሜዳ ላይ አልሯሯጥም። ሂድ ተለማመድ፣ እግዜር ይርዳህ።"

ጽጌ መገናኛ ሥራዋ ላይ ናት። ተሸክሜ ላውጣቸው ብልም አልችልም፣ ቢቻልም ምርኩዝ አላቸው። ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ሜዳው ሄድኩ፤ ዓይኔ ግን ከቤቱ አልተነሳም። ባለሙያዋ ድንኳኑ ውስጥ ፋሻና ቃሬዛ አዘጋጅታለች። ጋሽ ደምሴ "ልንፋ?" አሉኝ። "ይንፉ" አልኩ። ነፉና በዚያ በለመድነው ድምፃቸው "የእድር አባላት በሙሉ፣ ወደ እትዬ ዘነበች ደጅ" እያሉ መንገዱን ወረዱ።

ከዚያ ከታች መንገድ አንዲት ሴት እሪ አለች።

ሰው መጣ ብላችሁ መጣ ነው? ከላምበረት ድረስ የመጣ አለ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የእድሩ ድስቶች እንኳን በሁለት ሰው ተይዘው መጡ። ባለሙያዋ "እንዴት ፈጥነው ወጡ" ብላ ተገረመች። እኔ ወደ ፊተኛው ሰው ሮጬ "ልምምድ ነው!" አልኩ። አቅፎኝ አለቀሰ።

"አይዞህ። ድንጋጤ ነው፣ እንዲህ ያደርጋል።"

"እትዬ ዘነበች እኮ በሕይወት አሉ።"

"አዎ፣ በልባችን አሉ" አለኝ።

የነገርኩት ሰው ሁሉ ጨምሮ ያለቅሳል። ሕዝቡም ቤቱን ከዓይኔ ጋረደው። ቆይቶ ደግሞ ራሴን ተጠራጠርኩ። ይህ ሁሉ ሰው ካለቀሰ፣ እውነት ሞተው ቢሆንስ? ጠዋት ያየሁት ጭቃ ውሃ ትዝ አለኝ። ግንቡ ድምፅ ሳያሰማ ተንሸራቶባቸው ቢሆንስ? ልሂድና ልያቸው ብዬ ወደ ቤቱ ሮጥኩ። ሁለት ጎልማሶች ግራና ቀኝ ያዙኝ። ሐዘንተኛ ራሱን እንዳይጎዳ ይያዛል፣ ወጉ ነው። "ልቀቁኝ፣ ልያቸው!" ባልኩ ቁጥር አጠበቁኝ። የምሬን አለቀስኩ። አሁን ለቅሶው ሙሉ ሆነ።

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ጽጌ ናት። ሰዎች ደውለው "እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ነይ" ብለዋታል። እንግዲህ ታውቃላችሁ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ "ትንሽ አሟቸዋል" ከተባለ ነገሩ አልቋል። እኔ ደግሞ ላረጋጋት ብዬ፣ እያለቀስኩ፣ ሁለት ሰው ይዞኝ፣ ከጀርባዬ ሰፈሩ እየጮኸ "ጽጌ፣ እናትሽ ደህና ናቸው" አልኳት። ከዚያ ወዲያ ከስልኩ የሰማሁት ጩኸቷን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ድንኳኑ እንግባ። በሴቶቹ ጥግ አስካለ የምትባል ጎረቤታችን አለች፣ ለቅሶ የምታውቅ። ደረቷን እየመታች ሙሾ ታወርዳለች፤

"ባሏ ግንብ ሠርቶ ቤቷን ከለለላት፣
ዛሬ በምን ግንብ ሞትን ይከልክላት።"

ሴቶቹ ተቀበሏት። ከጎኗ ነጠላ እስከ ዓይኗ የተከናነበች አንዲት አሮጊት ከሁሉም በላይ ትንሰቀሰቃለች። ግጥሙ ሁለተኛ ሲደገም አሮጊቷ ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ።

"አስካለ፣ ስለ ማን ነው የምትይው?" አሉ።

እትዬ ዘነበች ናቸው። ጡሩምባውን ብቻ ሰምተው ነው፤ ልምምዱ በእሱ እንደሚጠራ የነገራቸው የለም። ለግንቡ ያልተነሱ፣ ለኔ እንባ ያልተነሱ፣ የሰው ሞት ሲሰሙ ቅዳሴያቸውን አቋርጠው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በዚያ ጉልበታቸው በምርኩዝ መጡ። ለቅሶ አይዘለልም። ማን እንደሞተ አላወቁም፤ ለቅሶ ደርሶ "ማን ነው የሞተው?" ማለት ነውር ነውና መጀመሪያ ማልቀስ፣ ኋላ መስማት ብለው ተቀመጡ።

አስካለ እያየቻቸው በቂጧ ወደ ኋላ ተንሸራትታ የድንኳኑ ምሰሶ ድረስ ደረሰች፣ ምሰሶውም ዘመመ፣ ድንኳኑ በአንድ ወገን ሰው ላይ ተኛ። ከሥሩ ሰው እየዳኸ ሲወጣ እትዬ ቆመው ምርኩዛቸውን ይፈልጋሉ። የያዙኝ ሰዎች ሲያዩዋቸው ለቀቁኝ። ሲለቁኝ ወደቅሁ።

ጽጌ ደረሰች። የአንድ እግሯ ጫማ የለም። እናቷን አየች፣ አልጮኸችም፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠችና ቀሚሳቸውን ይዛ ቀረች። እትዬ ፀጉሯን እየዳበሱ ዓይናቸውን ወደኔ አዞሩ።

"አንተ ነህ?"

"ልምምድ ነበር እትዬ።"

"የኔን ሞት ነው የምትለማመደው?"

ዝናቡም በዚያው ጀመረ፣ ጠብታው ትልልቅ ነው። እትዬ ምርኩዛቸውን አገኙ። "ቅዳሴው ሳያልቅ ልመለስ" አሉና ወደ ቤቱ ዞሩ። ጭቃ ላይ ተነስቼ ፊታቸው ቆምኩ። የምለው ሁሉ ጠፋብኝና እውነቱን ተናገርኩ።

"እፈራለሁ እትዬ። እናቴን ቀብሬያለሁ። እርስዎን ደግሞ መቅበር አልችልም።"

ትንሽ አዩኝ። "ፈሪ" አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ በጎኔ አለፉ።

ያስቆማቸው ሌላ ነገር ነው። ጋሽ ደምሴ ጡሩምባቸውን በብብታቸው ይዘው መንገዱ ላይ ቆሙ። "ስንቱን ለፍፌ አስቀብሬያለሁ፣ የተመለሰ አላየሁም። ሳልስምዎት አያልፉም" አሉ። ሳሟቸው። ከኋላቸው ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። በዝናብ ሰልፍ ሆነ። ከተጣሉ የቆዩ እንኳን መጥተው አቀፏቸው፤ ለቀብራቸው የመጣ ሰው ከራሳቸው ጋር እየተላቀሰ ነው። እትዬ "ኧረ በቃችሁ፣ ቅዳሴው" ይላሉ፣ የሚሰማቸው የለም። እንዲህ ሰው እንደሚወዳቸው በሕይወት ሳሉ የነገራቸው አልነበረም መሰለኝ፤ ቆይተው እሳቸውም መቸኮሉን ተዉት።

ድምፁ ያኔ መጣ። መጀመሪያ ከባድ አልነበረም፤ የጤፍ ማዳበሪያ መሬት ለመሬት ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት ነው። ከዚያ እግሬ ሥር ያለው መሬት ተንቀጠቀጠ። የቤታችን ቆርቆሮ ጮኸ፣ ተጣጠፈ። ከዚያ ያ የምፈራው ሁሉ፣ ከሐምሌ ጀምሮ በክር የለካሁት፣ አንድ ጊዜ ወረደ።

ባለሙያዋ እጆቿን ዘርግታ ማንም እንዳይጠጋ ከለከለች። የቤቱ ፊት እንደቆመ ነው። በተከፈተው በር ግን ተራራው ይታያል፤ ቀይ ጭቃ፣ የባህር ዛፍ ሥር፣ ድንጋይ። የእትዬ ክፍል የለችም። አልጋው የለም። የመስኮቷ ፍሬም ብቻ ውጭ ጭቃ ላይ ተቀምጧል፣ ሰው አውጥቶ ያስቀመጠው ይመስል። ቦርሳዬ፣ ያ ከአደጋ ያተርፈናል ያልኩት፣ ከነፊሽካው ከሁሉ በታች ነው። ጋሽ ደምሴ ጡሩምባውን ወደ አፋቸው ከፍ አደረጉ፤ ምን እንደሚነፋ አላወቁም፣ መልሰው አወረዱት። ከላይ ከደብሩ ቅዳሴው አሁንም ይሰማ ነበር።

ለእኔ እንኳን "ብያችሁ ነበር" ማለት ምላሴ ላይ አልመጣም።

አንድ ድንጋይ ተንከባሎ እስከ ሜዳው አፍ ደርሷል። እትዬ ዘነበች አጠገቡ ሄደው ቆሙ። በምርኩዛቸው ጫፍ ጭቃውን ጠረግ ጠረግ አደረጉለት፣ የመሮው ምልክት እስኪታይ።

"በቀለ የጠረበው ነው" አሉ። "እሱ አላጠፋም። አፈሩ ከበደበት እንጂ እስክወጣ ይዞልኛል።"

ከዚያ ያዘቀዘቁትን ነጠላ ፈትተው፣ በዝናቡ ውስጥ፣ ቀስ ብለው አስተካክለው ለበሱ። ወደኔ ዞሩ። ምርኩዛቸውን ለጽጌ ሰጧት።

"በል ና" አሉኝ፣ "ፈሪ ለናቱ ነው። ደግፈኝ።"

ክንዴን ሰጠኋቸው።